የምርጫ መዋጮ በማኅበር ማኅተም አይሰብሰብ

በቦረና ቆላ የተደፈነ ኤላ ሲጠረግ ወይም አዲስ ኤላ ሲቆፈር መዋጮ የሚሰበሰበው በደረሰኝና በማኅተም አይደለም። የጎሳው ሰዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይመክራሉ። ለቆፋሪዎቹ የሚታረደውን ከብት ማን እንደሚያመጣና ጉልበት ማን እንደሚሰጥ በሁሉ ፊት ይነገራል። ያዋጣው ሰው የሰጠው ነገር የት እንደ ደረሰ በዓይኑ ያያል፤ ከብቱም ከዚያው ኤላ ይጠጣል። በዱብሉቅና በሌሎቹ የቱላ ኤላዎች ሰዎች በመሰላል ላይ ተደርድረው ውሃውን እጅ በእጅ እየተቀባበሉ ሲያወጡ ያየ ሁሉ፣ የዚህ አገር ሕዝብ በጋራ ለመሥራትና ለማዋጣት አዲስ አለመሆኑን ይረዳል።

በድርቅ ጊዜም እንዲሁ ነው። ከብቱ ያለቀበት ቤተሰብ በቡሳ ጎኖፋ ደንብ ከዘመዱና ከጎሳው ላም ወይም ጊደር ይሰጠዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው በቦረና ዞን ከ3 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ማለቃቸው በተገለጸበት ወቅት፣ ያለው ለሌለው አካፍሏል፤ ከመላ አገሪቱም ገንዘብና እህል ተዋጥቶ ወደ ቦረና ተልኳል። የኦሮሚያ ክልልም ይህንኑ ባህል መነሻ አድርጎ በቡሳ ጎኖፋ ስም የሚጠራ ተቋም አቋቁሟል።

እንግዲህ ለኤላና ለተራበ ወገኑ ሳይሰስት የሚሰጥ ሕዝብ፣ ለምርጫ ዘመቻ አዋጣ ሲባል ለምን ፊቱን ያዞራል? ለምንስ ሰጥቶም ሲያጉረመርም ይሰማል? የዚህ መልሱ በሕዝቡ ንፉግነት ላይ ሳይሆን በአሰባሰቡ ላይ የሚገኝ ነው። የገበሬና የአርብቶ አደር ማኅበራት መሪዎችም ሊያስቡበት የሚገባው ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ የምርጫ ዘመቻ ገንዘብ የሚጠይቅ መሆኑ አይካድም። ከነገሌ ተነስቶ ወደ ፊልቱ አቅጣጫ ወይም ከያቤሎ ወደ ሞያሌ ሲሄዱ ከዋናው መንገድ ርቀው የሰፈሩ መንደሮች ብዙ ናቸው። አንድ ዕጩ እነዚህን ለመድረስ መኪናና ነዳጅ ያስፈልገዋል። የድምፅ ማጉያ፣ የሚለጠፍ ወረቀት፣ አብረውት ለሚዞሩት ሰዎች ስንቅ ያስፈልጋል። ይህ ወጪ ከየት ይምጣ ቢባል ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ብዙ ሰዎች ጥቂት ጥቂት ሲያዋጡ ነው። ሁለተኛው አንድ ባለ ሀብት ሁሉን ሲሸፍን ነው።

ሁለተኛው መንገድ ቀላል ይመስላል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። 50,000 ብር ከአንድ የከብት ነጋዴ የተቀበለ ዕጩ፣ ከተመረጠ በኋላ የግጦሽ መሬት ሲታጠር ወይም የገበያ ቦታ ሲከፋፈል የማንን ቃል እንደሚሰማ ለመገመት አያዳግትም። ይኸው 50,000 ብር ከ500 ሰዎች እያንዳንዳቸው 100 ብር አዋጥተው የተገኘ ቢሆን ግን የተመረጠው ሰው ባለዕዳነቱ ለ500 ሰዎች ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህም ይሠራል። ስለዚህ መዋጮ መኖሩ የሚነቀፍ ሳይሆን የሚደገፍ ነው። ጥያቄው በማን እጅ፣ በምን ደብተርና በየትኛው ማኅተም ይሰብሰብ የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ የሚፈጸመው። የቀበሌ አስተዳደር ቢባልም በገጠሩ ሕዝብ አነጋገር ገበሬ ማኅበር የሚለው ስም ዛሬም አልጠፋም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር የድርቅ ዕርዳታ የሚቀበሉትን ይመዘግባል፤ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ጠያቂዎችን ስም ያስተላልፋል፤ ለውሃ ፓምፑ ነዳጅ የሚዋጣውን ገንዘብ ይቆጣጠራል፤ መታወቂያ የሚፈልገውም የሚመጣው ወደ እሱ ነው። ይህ ሰው ያንኑ መዝገብ ይዞ፣ ያንኑ ማኅተም በኪሱ አድርጎ ለአንድ ዕጩ ወይም ለአንድ ፓርቲ መዋጮ ሲጠይቅ፣ በአፉ «በፈቃድህ ነው» ቢልም ሰሚው የሚሰማው ሌላ ነው። ካልሰጠሁ ከዕርዳታው ዝርዝር ስሜ ይፋቃል ብሎ ይፈራል። ሊቀ መንበሩ እንዲህ ያለ ሐሳብ ባይኖረው እንኳ ፍርሃቱ አይቀርም። በፍርሃት የተሰጠ ገንዘብ ደግሞ መዋጮ ሳይሆን ግብር ነው።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም፤ ያለፈው ታሪክ ያረጋገጠው ነው። የገበሬ ማኅበራት የተቋቋሙት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሠረት ነበር። ያን ጊዜ ገበሬው ማኅበሩን የራሱ ድምፅ አድርጎ ተቀብሎት ነበር። ከዚያ በኋላ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያውና የእርሻ ገቢ ግብሩ በማኅበሩ በኩል እንዲሰበሰብ ሆነ። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር አገሩን በወረረ ጊዜ ለእናት አገር ጥሪ የሚዋጣው ገንዘብ፣ ከብትና ስንቅም በዚሁ በር አለፈ። በቦረናና በባሌ ቆላ የነበረው ሕዝብ ጦርነቱን በደጃፉ ስላየ ያን ጊዜ የሰጠው ለህልውናው ነበር። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ግን መዋጮው አልቆመም። ለልዩ ልዩ ዘመቻ፣ ለድርጅትና ለበዓል እየተባለ በዚያው መዝገብ ቀጠለ። ገበሬው የቱ ግብር፣ የቱ ለራሱ ልማት፣ የቱ ለፖለቲካ እንደሆነ መለየት ተሳነው።

ውጤቱ የታየው ቆይቶ ነው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ በታወጀ ጊዜ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሱቅና መጋዘን ተዘረፈ። በገበሬው መዋጮ የተሠራ ቤት፣ በገበሬው ገንዘብ የተገዛ ወፍጮ ሳይቀር ጠባቂ አጣ። ሰው በፈቃዱ የሰጠበትን ነገር እንደ ኤላው ይጠብቃል፤ ተገዶ የሰጠበትን ግን ሲፈርስ ቆሞ ያያል።

ነገሌ ራሷም የምታስተምረው ነገር አላት። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በዚያች ከተማ የነበሩት የ4ኛው ብርጌድ ወታደሮች ያመፁት በፖለቲካ ትምህርት ተነሳስተው አልነበረም። ምግባቸው የከፋ፣ የውሃ መሳቢያቸው የተበላሸ ነበር፤ መኮንኖቹ ግን ለብቻቸው ከነበራቸው ጉድጓድ ሊያጠጧቸው ፈቃደኞች አልሆኑም። ከአዲስ አበባ የተላከውን ጄኔራል ይዘው ከዚያው ምግብና ውሃ እንዲቀምስ አደረጉት። መሪና ተመሪ የሚጠጡበት ጉድጓድ የተለያየ ዕለት ምን እንደሚከተል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። የመዋጮ ሒሳብም እንደ ጉድጓድ ነው፤ ሕዝቡ ሊያየው የማይችለው ሒሳብ ለብቻ የሚጠጣ ጉድጓድ ነው።

ሕጉም በዚህ ረገድ ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162 ፓርቲዎች ከአባላት መዋጮና ከዜጎች ስጦታ ገንዘብ እንዲያገኙ ይፈቅዳል። ከውጭ መንግሥታትና ድርጅቶች፣ ከሃይማኖት ድርጅቶች፣ ማንነቱ ካልታወቀ ሰጪም እንዳይቀበሉ ይከለክላል። ሒሳባቸውን በመዝገብ ይዘው እንዲያስመረምሩም ያስገድዳል። የመንግሥት ንብረትና ሥልጣን ለምርጫ ቅስቀሳ መዋሉም የተወገዘ ነው። የኬንያ ሽልንግና የኢትዮጵያ ብር ጎን ለጎን በሚዘዋወሩባት ሞያሌ ገንዘቡ ከማን እንደመጣ መጻፍ ከሌላው ቦታ ይልቅ አስፈላጊ ነው።

አንዳንዶች «ሕዝቡ የሚያውቀውና የሚሰማው ሊቀ መንበሩን ነው፤ እሱ ካልሰበሰበ ማን ይሰበስባል?» ይላሉ። አባባሉ ለመሪው ከበሬታ ያለው ቢመስልም ሲመረመር የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። ሕዝቡ ሊቀ መንበሩን የሚሰማው የሁሉም ነው ብሎ ስለሚያምን ነው። የአንዱ ወገን ገንዘብ ሰብሳቢ የሆነ ዕለት የሌላው ወገን ባላጋራ ይሆናል። በጎሳ መካከል የግጦሽና የውሃ ክርክር በማይጠፋበት አገር ደግሞ ይህ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሰላም ጉዳይ ነው። ሊቀ መንበሩ እንደ ማንኛውም ዜጋ የወደደውን ዕጩ ሊደግፍ፣ ከኪሱም ሊያዋጣ ይችላል። ይህን ሲያደርግ ግን ማኅተሙ በሳጥን፣ መዝገቡ በቢሮ ይቆይ።

ታዲያ በተግባር ምን ይደረግ? የሚከተሉት ነጥቦች ከማንኛውም ማኅበር አቅም በላይ አይደሉም።

አንደኛ፣ መዋጮውን የዕጩው ደጋፊዎች ራሳቸው የመረጧቸው ሦስት ሰዎች ይሰብስቡ፤ ከማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መካከል ማንም አይግባበት። የፓርቲው ደረሰኝም ከማኅበሩ ደረሰኝ የተለየ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ዕርዳታ በሚታደልበት፣ ማዳበሪያ በሚከፋፈልበትና ለውሃ ፓምፕ ገንዘብ በሚሰበሰብበት ቀንና ቦታ የምርጫ መዋጮ አይጠየቅ።

ሦስተኛ፣ በቦና ወራት፣ ከብቱ በከሳበትና የገበያው ዋጋ በወረደበት ጊዜ መዋጮ አይጠየቅ። ያን ጊዜ 100 ብር ለመስጠት ወይፈኑን በእርካሽ የሚሸጥ ሰው ይኖራል። ዝናብ ጥሎ ወተት እስኪበዛ መጠበቅ ይሻላል።

አራተኛ፣ ከብት ወይም ፍየል የሚሰጥ ሰው ቢኖር በገበያ ቀን በምስክሮች ፊት ተሸጦ የተገኘው ብር በሰጪው ስም ይመዝገብ። ወተት ሸጣ የምታዋጣ ሴትም በባሏ ስም ሳይሆን በራሷ ስም ትጻፍ። የሰጠውን እንጂ ያልሰጠውን ሰው ስም የሚይዝ ዝርዝር ፈጽሞ አይዘጋጅ።

አምስተኛ፣ ምርጫው ካለቀ በኋላ ዕጩው ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ገቢና ወጪው አዋጪዎቹ በተሰበሰቡበት ጮክ ብሎ ይነበብ። ማንበብ የማይችለው በጆሮው ይስማ፤ ጥያቄ ያለውም ይጠይቅ። የተረፈ ገንዘብ ቢኖር ምን እንደሚደረግበት ያዋጡት ይወስኑ።

ከዚህ በተጨማሪ ለመዋጮው መዋያ ወሰን ሊኖረው ይገባል። ነዳጅና ወረቀት የዘመቻ ወጪ ነው። ለመራጩ የሚታደል ስኳር፣ ጫትና የፍየል ሥጋ ግን ድምፅ መግዣ ነው። የሕዝብ መዋጮ ሕዝቡን መልሶ መግዣ ሲሆን ከማየት የከፋ ውርደት የለም።

በነዚህ ቆላዎች ድርቅ የሄደ ቢመስልም ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የማኅበሩ መሪ በየቤቱ እየዞረ ለፓምፑ ነዳጅ፣ ለከብቱ መኖ፣ ላጣው ቤተሰብ ጊደር አዋጡ ማለት ግዴታው ይሆናል። ሕዝቡ እጁን የሚዘረጋው ትናንት በዚያው መሪ እጅ ያለፈው ብር የት እንደገባ ካወቀ ብቻ ነው። ምርጫ በጥቂት ሳምንት ዘመቻ ያልፋል፤ የማኅበሩ መታመን ግን አንዴ ከፈረሰ እንደ ተደፈነ ኤላ ለመጥረግ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ እያንዳንዱ የማኅበር መሪ የምርጫ መዋጮ ዝርዝር ይዞ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥመው ማኅተሙን ከማንሳቱ በፊት የሚቀጥለውን ቦና ያስታውስ።