ጀሪካኑ የት አለ?

አክስቴ የምትኖረው ነቀምቴ ነው። ባለፈው ዓመት የእቁብ ዕጣ ሲደርሳት ያገለገለች ባጃጅ ገዝታ ለታላቅ ልጇ ሰጠችው። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ወጪ ከባጃጇ ነው የሚገኘው፤ የትንሿ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያም፣ የወሩ ጤፍም። ሰሞኑን ልጠይቃት ስሄድ ባጃጇ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ሰማያዊ ጭስ ትለቃለች፣ ዘይት ትበላለች፣ ዳገት ላይ ደግሞ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አትሄድም።

ቡናው እንደተቀዳ ክርክር ተነሳ። የአክስቴ ልጅ «ከቶታል የሚሻል ዘይት የለም» ይላል። ከጊምቢ ቡና የሚጭን አይሱዙ የሚነዳው ጎረቤታቸው ለኖክ ይሟገታል። አንድ አዛውንት ሹፌር «ዘይትማ ድሮ ሼል ነበር» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። ከባኮ እስከ ደምቢ ዶሎ ሁለት ሹፌር ከተገናኘ ይሄ ጨዋታ አይቀርም፤ የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊዎች እንኳ እንዲህ አይከራከሩም።

እኔ እንደታዘብኩት ሹፌር የሚወደው ዘይት ብዙ ጊዜ ደጁ ያለው ማደያ የሚሸጠውን ነው። ቶታል አገራችን ውስጥ ከ1950 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ፤ በኋላም የሞቢልን ማደያዎች ጠቅልሏል። ሼል ሲወጣ ማደያዎቹ ኦይል ሊቢያ ተባሉ፣ አሁን ደግሞ ኦላ ኢነርጂ። ታፔላው ስንቴ ተቀይሮም «ሼል ጋ አውርደኝ» የሚል ተሳፋሪ አልጠፋም። ዘይቱም የሚታመነው እንዲሁ በስም ነው።

መካኒኩ ሁለተኛውን ስኒ እስኪጨርሱ ቃል አልተነፈሱም። ከዚያ «ልጄ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የቀየርከው ዘይት ጀሪካኑ የት አለ?» አሉት። ልጁ አቀረቀረ። ጀሪካን የለም። ከበርሜል በሀይላንድ ተቀድቶ ነው የገዛው። «ጥሩ ዘይት ነው ብለውኛል» አለ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ስም ስንከራከር የባጃጇ ዘይት ለካ ስም የለውም!

ልጁን መውቀስ ይከብደኛል። ባጃጅ የምትወስደው ዘይት ሁለት ሊትር አይሞላም፤ ባለ አራት ሊትር ጀሪካን በአንዴ መግዛት ደግሞ የቀን ገቢ ለሚቆጥር ቤት ቀላል አይደለም።

መካኒኩ ከጋራዣቸው ያልተከፈተ ጀሪካን አምጥተው ከረከቦቱ አጠገብ አስቀመጡት፤ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። ከስሙ በታች ያለው ጽሑፍ ነው ቁም ነገሩ። 20ደብሊው-50 ወይም 15ደብሊው-40 የሚለው ውፍረቱ ነው። የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ሞተር ሲነሳ፣ የኋለኛው ሞተሩ ሲግል ያለውን ጠባይ ይናገራል። ወለጋ ውስጥ ውርጭ ብዙም አያስቸግርም። ይልቅ ነቀምቴን ለቆ ወደ ዴዴሳ ቆላ ወርዶ፣ ጭነት ይዞ ዳገቱን ለሚመለስ መኪና የኋለኛው ቁጥር ይበልጥበታል።

ቀጥሎ ኤፒአይ ከሚለው ጎን ያሉት ፊደላት አሉ። በ«ኤስ» የሚጀምር ለቤንዚን፣ በ«ሲ» የሚጀምር ለናፍጣ ነው። ሁለተኛው ፊደል በእንግሊዝኛው ተራ በራቀ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው፤ ኤስኤል ከኤስጄ ይሻላል፣ ኤስኤን ከኤስኤል። ኤስኤፍ ከ1988 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ለተሠሩ ሞተሮች አይመከርም፤ እኔ ግን መደርደሪያ ላይ አሁንም አየዋለሁ። ለባጃጅና ለሞተር ሳይክል ደግሞ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ይፈለጋል። ፍሪሲዮኑ እዚያው የሞተሩ ዘይት ውስጥ ስለሚዋኝ አንዳንድ የመኪና ዘይት ያንሸራትተዋል። መካኒኩ የዳገቱን ጩኸት ያሳበቡት በዚህ ነበር። ጭሱ ግን ከፋሻው ነው።

እንግዲህ የትኛው ይሻላል ላላችሁኝ፣ ሁለት የታወቁ ስሞች አንድ ዓይነት ቁጥርና ፊደል ከያዙ ለባጃጅ ባለቤት እምብዛም ልዩነት የላቸውም። እኔ ብሆን እሽጉ ያልተነካውን፣ ከማደያው ራሱ እገዛለሁ። «የተለያየ ስም ያለው ዘይት ቢቀላቀል ሞተር ያበላሻል» የሚባለውም የተጋነነ ነው፤ መንገድ ላይ ዘይት ከጎደለ ሳይጨምሩ ከመንዳት ተመሳሳይ ደረጃ ያለው የሌላ ድርጅት ዘይት መጨመር ይሻላል። በጣት አሽቶ «ወፍራም ነው፣ ጥሩ ነው» ማለትም አያዋጣም። የናፍጣ ሞተር ዘይት ቶሎ መጥቆሩም ጥላሸቱን እያጠበ መያዙን ነው የሚያሳየው፤ በዚህ ብቻ ዘይቱን መጥፎ ማለት አይቻልም። የመቀየሪያው ጊዜ ሲደርስ ግን መቀየር ነው፤ ፊልትሮ ካለውም ከነፊልትሮው።

የአክስቴ ባጃጅ ሞተሯ ወርዶ ፋሻና የፍሪሲዮን ሸራ ተቀየረላት። ለዚህ የሄደው ብር የቀጣዩ ዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር። አሁን ልጁ ከጎረቤት ባለ ባጃጅ ጋር እየተዋጣ ባለ አራት ሊትር ይገዛል። ጀሪካኑ የሚቀመጠው አክስቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉም እሷ ዘንድ። ባዶውን እየገዙ ሌላ ዘይት የሚሞሉበት አሉ ስለተባለች፣ ሲያልቅ ቂጡን በሚስማር ትበሳዋለች፤ የባዶው ዋጋ እያንገበገባት። አዛውንቱ ሹፌር ግን አሁንም ሼል ነው የሚሉት።