ስለ ቀዘቀዘው ብረት

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» እንላለን። ምክሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ ቀጥቃጩ ሰዓት ብቻ ነው። ብረት ከእሳቱ ወጥቶ፣ ስለት ወጥቶለትና እጀታ ገብቶለት ለገበሬው ከደረሰ በኋላ ያለው ዕድሜ ረጅም ነው፤ ከዚያም ዕድሜ የሚበዛውን የሚያሳልፈው ሥራ ፈትቶ፣ ጥግ ይዞ ነው። ስለዚህኛው ስለ ቀዘቀዘው ብረት የምንለው ጥቂት ነው። የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ የሆነው አንባቢዬ «ስለ ዝገት ደግሞ ምን ይጻፋል?» ይለኝ ይሆናል። ዝገትን ለሰነፈ አእምሮና ለተረሳ ፍቅር ምሳሌ ስናደርገው ኖረናልና፣ አንድ ጊዜ እንኳ ነገሩን ራሱን ብናየው ደግ ነው እላለሁ።

ማጭድን እናንሣ። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ አጨዳው የሚያልቀው በታኅሣሥና በጥር ነው። ከዚያ ወዲህ ማጭዱ እስከሚቀጥለው ጥቅምት እምብዛም ፈላጊ የለውም። በመካከሉ ግን ክረምቱ አለ፤ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድበት፣ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሌሊቱ የሚበርድበት፣ የጮቄ ራስ በጉም ተሸፍኖ የሚሰነብትበት ክረምት። ብዙ ማጭድ ከአጨዳው ይልቅ ይህ ዕረፍቱ ይጎዳዋል።

ዝገት ምሥጢር የለውም። ብረት፣ ውኃና አየር ሲገናኙ ብረቱ ከእሳት በፊት ወደነበረበት፣ ወደ ቀይ አፈርነቱ ይመለሳል። ለዚህ የግድ ዝናብ ሊመታው አያስፈልግም። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ገደማ ካለፈ ዓይን የማያየው ስስ ውኃ ብረቱን ይለብሰዋል። ሌሊት የቀዘቀዘ ብረትም ጧት ሞቅ ያለ እርጥብ አየር ሲያገኘው ያልበዋል። አንዴ የተፈጠረው ዝገት ደግሞ ውስጡ ክፍትፍት ስለሆነ ውኃውን ይዞ ያቆያል፤ ከሥሩ ያለውንም ያስበላዋል።

ወላጆቻችን የዚህን ነገር ስም ሳይጠሩ መላውን ያውቁት ነበር። በሣር ክዳኑ ቤት መካከል ምድጃው ይነድዳል፤ ማጭዱ ከማገሩ ላይ ይሰካል፤ ምሳሩ ከግድግዳው ይንጠለጠላል። ሙቀቱ ያደርቀዋል፤ ጥላሸቱም እንደ ቅባት ይለብሰዋል። ለዝገት ብሎ እሳት የሚያነድ አልነበረም፤ ወጡ ሲሠራና እንጀራው ሲጋገር ብረቱም አብሮ ይጠበቅ ነበር።

ዛሬ ቤቱ ተለውጧል። በብዙ ግቢ ማድ ቤቱ ለብቻው ወጥቷል፤ ቆርቆሮ የለበሰ ዕቃ ቤትም በጓሮ ተሠርቷል። መሻሻል ነው፤ የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ የጎዳው ጭስ ይመለስ የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ነገር ግን ጭሱን ስናስወጣ፣ ሳናውቀው ይሠራልን የነበረውን ሥራ ማን ይውረሰው ብለን አልጠየቅንም። እሳት የማያውቀው ዕቃ ቤት ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ከቆርቆሮው ሥር ጤዛ ይቋጠርና ይንጠባጠባል። ልብ ይሏል፤ ቆርቆሮው ራሱ ብረት ነው፤ ግን ዚንክ ለብሶ ነው የመጣው። ከሥሩ የተጣለው ማጭድ ራቁቱን ነው። ብዙ ጊዜም ከአጠገቡ የማዳበሪያ ከረጢት ተደግፎ አያለሁ። ማዳበሪያ እርጥበት ይስባል፤ ሲሟሟም ብረት ይበላል። የከብት ሽንት የሚደርስበት የጋጥ ጥግም ከዚህ የተሻለ አይደለም።

ስለዚህ ሐሳቤ አጭር ነው፤ የጭሱን ሥራ በእጃችን እንሥራው። አጨዳው ሲያልቅ መሣሪያውን ከጭቃና ከገለባ ማጽዳት፣ የጀመረውን ዝገት ፍቆ ማስለቀቅ፣ ፀሐይ ላይ አውጥቶ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያም መቀባት። ጥሬ ቅቤ ውኃ ስላለበት ለዚህ አይሆንም። ጎጃም ግን የኑግና የተልባ አገር ነው። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኘው ስስ ቆዳ አውጥቶ ይደርቃል፤ ሠዓሊውና አናጢው ከጥንት ጀምሮ የወደዱት ስለዚህ ነው። የኑግ ዘይትም ዝግ ብሎ ወደዚያው ያደላል። በጨርቅ ነክሮ በስሱ መቀባት ይበቃል። ጨርቁ ግን ተዘርግቶ ይድረቅ፤ ተጨብጦ ከተተወ ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል። ከጋራዥ የሚመጣውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት እህል በሚነካ ማጭድ ላይ አልመክርም። ከተቀባ በኋላ ከመሬትና ከጭቃው ግድግዳ አርቆ መስቀል፣ ማዳበሪያውን ሌላ ቦታ ማኖር፣ ፀሐይ በወጣ ቀን በሩን መክፈት ነው።

ስስ ሽፋን ምን ይፈይዳል የሚል አይጠፋም። በህንድ፣ በዴልሂ፣ 1,600 ዓመት ገደማ የሆነው የብረት ዓምድ ደጅ ቆሞ አለ። በብረቱ ውስጥ ያለው ፎስፎረስ ላዩ ላይ ስስ የመከላከያ ሽፋን እንዲፈጠር ረድቶታል። የእኛ ማጭድ እንዲህ ያለ ተፈጥሮ የለውም፤ ሽፋኑን የምናለብሰው እኛ ነን።

ሌላው ደግሞ «ለአንድ ማጭድ ይህ ሁሉ ድካም? ገበያ ወጥቶ ሌላ መግዛት አይቀልም?» ይላል። የምከራከረው ከዚህኛው ጋር ነው። ማጭዱን የቀጠቀጠው ሰው በአገራችን ምን ስም ሲሰጠው እንደኖረ እናውቃለን። ሥራውን እየፈለግን ሠሪውን «ቡዳ» ብለን ሸሸነው፤ ልጁንም ለጋብቻ ተጸየፍን። ዐፄ ምኒልክ ባለእጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ስድቡ በአዋጁ ቀን አልጠፋም። እኔ እንደማምነው ንቀት በአፍ ብቻ አይገለጥም። የሰው ላብ የፈሰሰበትን ዕቃ፣ ሥራው አለቀ ብሎ እርጥብ ጥግ ላይ መጣልም ያው ንቀት ነው፤ ድምፅ ስለሌለው ብቻ አንቆጥረውም።

ገበሬውም ዋጋውን ይከፍላል። በጥቅምት ሰማዩ ሲያጉረመርም፣ የደረሰው ጤፍ ዝናብ ሳይመታው መታጨድ ሲኖርበት፣ የደነዘ ማጭድ ይዞ ሞረድ ፍለጋ ጎረቤት መሄድ የአንድ ቀን እህል ማጣት ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያድነው በጥር አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ቁራጭ ጨርቅና አንድ ሲኒ የተልባ ዘይት ነው። ብረት በጋለበት ሰዓት ቀጥቃጩ ድርሻውን ተወጥቷል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ያለው ተራ የእኛ ነው።