ከመብራቱ ሥር ያሉት ጉርጦች

ክረምት ገብቶ ጠንከር ያለ ዝናብ የዘነበ ማታ፣ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር የሚሄድ ሰው ከመንገድ መብራት ሥር ጉርጦች ተቀምጠው ያያል። ብርሃኑ የሳበውን ነፍሳት ይለቅማሉ። ልጆች በድንጋይ ይመቷቸዋል። «ተዉ» ስል «ጉርጥ እኮ ነው!» ተባልኩ። ቃሉ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

«ጉርጥ እኮ» የሚባለው ሁሉ ግን ተራ አይደለም፦ ባሌ ተራሮች ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኙ ሁለት የቅርብ ዘመዳሞች ጉርጦች አሉ። የማልኮልም ጉርጥ የሚባለው አስደናቂ ፍጥረት ነው፦ ጽንሱ በእናቲቱ ሆድ ውስጥ ይጀመራል፣ እንቁላሉ እርጥብ መሬት ላይ ይጣላል፣ ግልገሉም ሳይዋኝና ምግብ ሳይቀምስ አድጎ ጉርጥ ይሆናል። ብዙ እናቶች አንድ ቦታ ተሰብስበው ይጥላሉ። የኦስጉድ ጉርጥ ግን እንደ አብዛኞቹ ጉርጦች ውኃ ውስጥ ይራባል። ሁለቱም ክፉኛ የመጥፋት አደጋ አለባቸው፤ የኦስጉዱ ደግሞ ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንዳልታየ ከአሥር ዓመት በኋላ የወጣ ጥናት ገልጿል። በዚያው በባሌ ያለው የሐረና ጫካ ሲመነጠር፣ የወንዞች ዳር በከብት ሲረገጥ፣ የሚራባበት ውኃም አብሮ ይበላሻል።

የደጋው ጉርጥ፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ከፍታዎች የሚኖረው የአስመራ ጉርጥ፣ የዝርያዎችን የመጥፋት አደጋ በሚመዝነው ዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ የሚያሰጋው ነገር የለም ተብሎ ተመድቧል። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ግን እንዳያዘናጋን እፈራለሁ። መዝገቡ የሚመዝነው ዝርያውን በጠቅላላው ነው። የአንድ ከተማ ዳርቻ ጉርጦች አንድ ሳይቀሩ ቢያልቁ፣ የዝርያው ደረጃ ፈቀቅ ላይል ይችላል። ለእኛ ግን አለቁ ማለት ነው።

የባሕር ዳሩ ሐይቅ ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ሆኖም እምቦጭ የተባለው አረም ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳርቻውን ወርሯል፤ ደንገሉ እየተመነጠረ፣ ረግረጉ እየደረቀ እርሻ ይሆናል፤ የከተማው ፍሳሽም ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ጉርጥ ውኃ የሚጠጣው በቆዳው ነው፤ ውኃው የያዘውን መርዝም እንዲሁ በቆዳው ያስገባል። ደንገሉና ረግረጉ ባሉበት ይተዉ። ክረምት በመጣ ቁጥር የሰፈር ልጆች ድንጋዩን ጥለው የእጅ ባትሪና ደብተር ይዘው ይውጡ፤ በየመብራቱ ሥር ስንት ጉርጥ እንዳለ ቆጥረው ቀኑን ይጻፉ። የመጀመሪያውን ደብተር እኔ እገዛለሁ።