የዝቃጭ ኩሬ ክትትል ከማዕድን ኩባንያ ዕድሜ በላይ መዝለቅ አለበት

በማዕድን ማቀነባበሪያ ዝቃጭ ኩሬዎች ዙሪያ የሚቆፈሩ የውኃ መከታተያ ጉድጓዶች ብዙ ጊዜ ለባለሙያ ብቻ የተተዉ ጉዳዮች ይመስላሉ። ሆኖም ልኬቱ መቼ ይጀመር፣ ወጪውን ማን ይሸፈን፣ ውጤቱንስ ማን ይየው የሚሉት ጥያቄዎች የሕግ ጥያቄዎች ናቸው። ለእነዚህ ጥያቄዎች የኮሎራዶ የራሷ ታሪክ በቂ መልስ ይዟል፤ ያንን መልስ ወደ ድንጋጌ መለወጥ ደግሞ በዴንቨር የሚሰበሰበው ምክር ቤት ድርሻ ነው።

ከዴንቨር በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በካንየን ሲቲ አጠገብ፣ የኮተር ኩባንያ የዩራኒየም ማቀነባበሪያ እ.ኤ.አ. በ1958 ሥራ ጀመረ። ማዕድኑ ተፈጭቶ ዩራኒየሙ በኬሚካል ከተለየ በኋላ የቀረው ዝቃጭና ፈሳሽ ወለላቸው ማገጃ ባልተነጠፈባቸው ኩሬዎች ይጠራቀም ነበር። ፈሳሹ ዩራኒየምና ሞሊብዲነም እንደያዘ ወደ መሬት ሰረገ፤ ከከርሰ ምድር ውኃ ጋርም ተጉዞ በአቅራቢያው ያለው የሊንከን ፓርክ ሰፈር የግል ጉድጓዶች ደረሰ። የኮሎራዶ መንግሥት በ1983 ኩባንያውን ፍርድ ቤት አቆመ፤ በ1984 ደግሞ ቦታው በፌዴራሉ የሱፐርፈንድ ዝርዝር ውስጥ ገባ። ክሱ የቀረበው ማቀነባበሪያው ሥራ ከጀመረ ከሃያ አምስት ዓመታት በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል።

ጉዳዩ የሩቅ ከተማ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ወደ ካንየን ሲቲ ይጓጓዝ ከነበረው ማዕድን ከፊሉ የሚወጣው ለዴንቨር ቅርብ ከሆነው ከጀፈርሰን ካውንቲ የሽዋርትስዋልደር ማዕድን ነበር። ይህ ማዕድን በ2000 ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ዋሻዎቹ በውኃ ሲሞሉ ዩራኒየም የበዛበት ውኃ ወደ ራልስተን ወንዝ አቅጣጫ መስረጉ ተደረሰበት። ወንዙ የሚገባበት የራልስተን ግድብ ለዴንቨር የመጠጥ ውኃ አቅርቦት ከሚያገለግሉት አንዱ ነው። ከዚህ መረዳት የሚቻለው አደጋው ሥራው በቆመበት ቀን እንደማያበቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በኋላ እንደሚገለጥ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ድንጋጌ ልኬቱ ከፈቃዱ እንዲቀድም ማድረግ ነው። በኮሎራዶ ብዙ ቦታ ዩራኒየም በተፈጥሮው በዓለቱ ውስጥ ይገኛል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የተወሰደ መነሻ ልኬት ከሌለ «ይህ ከድሮም የነበረ ነው» የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይነሳል፤ ነዋሪውም ይህን የሚያስተባብልበት ማስረጃ አይኖረውም።

ሁለተኛው ድንጋጌ የገንዘብ ዋስትናን ይመለከታል። በ1978 የወጣውን የፌዴራል የዩራኒየም ዝቃጭ ሕግ ተከትሎ የተደነገገው መለኪያ ዝቃጩ በተቻለ መጠን ለ1000 ዓመታት፣ ቢያንስ ደግሞ ለ200 ዓመታት ተገድቦ እንዲቆይ ይጠይቃል። ኩባንያዎች ግን ይሸጣሉ፣ ይከስራሉ፣ ይፈርሳሉ። የካንየን ሲቲው ቦታ ራሱ በ2018 ወደ ሌላ ኩባንያ እጅ ተላልፏል። ከመዘጋት በኋላ የሚኖረውን የክትትል ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ አስቀድሞ ካልተያዘ ዕዳው በግብር ከፋዩ ላይ ይወድቃል።

ሦስተኛው ውጤቱን ለሕዝብ መግለጥ ነው። በዴንቨርና በኦሮራ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የዚህን ክፍተት ዋጋ ከሻኪሶው የለገደንቢ የወርቅ ማዕድን ያውቁታል። በ2018 የነዋሪዎች የጤና አቤቱታና ተቃውሞ የማዕድኑን ፈቃድ አሳገደ፤ በ2021 ሥራው ቀጠለ። በማዕድኑ ዙሪያ የሚወሰዱ የውኃ ልኬቶች በየጊዜው ለነዋሪው ካልተገለጡ፣ አቤት ባዩና ኩባንያው የሚዳኙበት የጋራ ማስረጃ አይኖርም።

ክትትል ብቻውን ውኃ አያጸዳም፣ ወጪ ብቻ ያበዛል የሚል ተቃውሞ ይሰማል። እውነት ነው፤ ጉድጓድ ራሱ አያጸዳም። ነገር ግን ኩሬው እየሰረገ መሆኑን በመጀመሪያው ዓመት ማወቅና ከሃያ ዓመት በኋላ ማወቅ በወጪም በጤናም ፍጹም የተለያዩ ናቸው። ፌዴራሉ ለመጠጥ ውኃ የፈቀደው የዩራኒየም መጠን በሊትር 30 ማይክሮግራም ነው፤ ይህ መጠን በዓይን አይታይም፣ በምላስም አይለይም። የሚያውቀው የለካ ብቻ ነው።

የሕግ አውጪዎች ረዳቶች የሚቀርቡላቸውን ረቂቆች በእነዚህ ሦስት ነጥቦች ይመዝኑ፦ ከፈቃድ በፊት መነሻ ልኬት፤ ከመዘጋት በኋላም የሚዘልቅ የገንዘብ ዋስትና፤ በየሩብ ዓመቱ ለሕዝብ የሚወጣና በአካባቢው በሚነገሩ ቋንቋዎች የተጠቃለለ ውጤት። የማኅበረሰብ ተሟጋቾችም ረቂቁ ወደ ኮሚቴ ሲመራ እነዚህኑ ይጠይቁ። ከሦስቱ አንዱ የጎደለው ሕግ ጉድጓዱን ያስቆፍር ይሆናል፤ ከጉድጓዱ የሚጠጣውን ሰው ግን አይጠብቅም።