11 ቀን መታገስ አቅቷችሁ ነው?

ለሕንፃችን የነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴ አባላት፣

በአባቴ ለቅሶ ድንኳን ስለተከላችሁ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከአጠገባችን ስላልጠፋችሁ እግዜር ይስጥልኝ። አርባውን አውጥቼ ዝም ልል ነበር። ትናንት ግን ደረጃው ግርጌ ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ ለጥፋችሁ አየሁ፤ «በሕንፃው ያሉ እንስሳት በሙሉ እስከ ዓርብ ይውጡ» ይላል። ምድር ቤት ያሉት እናት አልጋ ላይ ከዋሉ ወራት እንዳለፋቸው፣ እግራቸው ሥር ከምትተኛው ድመት ሌላ ማንም እንደሌላቸው ጠፍቷችሁ ነው? ወይስ የኔ አባት አልበቃችሁም?

አባቴ እንደናንተው ነበር። በድሮው ሰፈራችን ውሻ ደፍ ቢረግጥ ከዘራ ያነሳ ነበር፤ የውሻ ቦታው ግቢ ነው ባይ ነው። እንደ ድሮ ሰው ጎረቤት የሚሸነቁጥ ስም ለውሻችን አውጥቶ «ምናለበት» ይለው ነበር። 3ኛ ፎቅ ስንገባ ግቢ የሚባል ነገር ቀረ፤ ምናለበት ኮሪደር ላይ መተኛት ጀመረ። አባቴ ሲታመም ደግሞ ራሱ ጠርቶ አስገባው። እኔም ገርሞኛል።

ሐኪሙ «ቤት ወስዳችሁ የሚወደውን ስጡት» አለን። ይህቺን ቃል ሰምታችኋታል፤ ትርጉሟንም ታውቃላችሁ። አጥሚት ሠራን፣ መለሰው። ሾርባ አመጣን፣ ፊቱን አዞረ። የወደደው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የሞርፊኑ ሰዓት እስኪደርስ ሲያቃስት ምናለበት ይነሳና አገጩን ፍራሹ ጠርዝ ላይ ያሳርፋል። አባቴ ዓይኑን ሳይገልጥ እጁን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን ይፈልጋል፤ የተቆረጠችዋን፣ የግራዋን። ጣቶቹ እዚያች ላይ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ትንፋሹ ይረጋል። መድኃኒት ነው አላልኩም። ግን ከኔ እጅ ይልቅ ያቺን ጆሮ ነበር የሚይዘው።

ውሻ በሽተኛ አጠገብ መተኛቱን «የፈረንጅ ነገር» እንዳላችሁት ሰምቻለሁ። እንግዲያው የፈረንጁን ልንገራችሁ። ፍሎረንስ ናይቲንጌል፣ ነርሶች ሁሉ ስሟን የሚያነሷት፣ ለረጅም ጊዜ በሽተኛ ትንሽ እንስሳ ጥሩ ጓደኛ እንደሚሆነው ከጻፈች ከ160 ዓመት በላይ ሆነ። አሜሪካ፣ ሮድ አይላንድ ውስጥ ስቲር ሃውስ በሚባል መጦሪያ ደግሞ ኦስካር የሚባል ድመት ነበር፤ ሊሞት የተቃረበ ሰው አልጋ ላይ ወጥቶ አጠገቡ ይተኛል። በ2007 እ.ኤ.አ. አንድ ሐኪም በትልቅ የሕክምና መጽሔት ጽፎለታል። ኦስካር ከአንዱ በሽተኛ ጎን ሲተኛ ሠራተኞቹ ስልክ አንስተው ቤተሰብ ይጠሩ ነበር። እናንተ ጥበቃ ጠራችሁ።

የእብድ ውሻ በሽታ ያስፈራል፤ እኔንም ያስፈራኛል። ለዚህ ብዬ የምናለበትን የክትባት ወረቀት ይዤላችሁ መጥቼ ነበር። ሊቀመንበራችን ሳይገልጡት መለሱልኝ፤ ደንብ ደንብ ነው አሉ። ደንቡ የሚሞት ሰው ቤት ሲደርስ 11 ቀን መቆም አይችልም ነበር? ማክሰኞ ለታ፣ መድኃኒት ልገዛ ወጣ ባልኩበት፣ ሁለት ጥበቃዎች ምናለበትን በገመድ አስረው በባጃጅ ወሰዱት። የት እንደጣሉት እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ቀለበት መንገዱን ሁለት ማታ ዞሬያለሁ፤ እዚያን ሁለት ማታ አባቴ አጠገብ አልነበርኩም። ይህንንም የወሰዳችሁብኝ እናንተ ናችሁ።

ከናንተ መካከል የማያስቀድስ ማን አለ? የነዌን እና የአልዓዛርን ታሪክ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ባለጠጋው ደጅ ወድቆ የነበረውን ድሃ ቁስል ማን ነበር የሚልሰው? ሙስሊም ጎረቤቶቼስ በቁርኣኑ ታሪክ ዋሻው በር ላይ ክንዱን ዘርግቶ የተኛውን ውሻ አያውቁትም? በሽተኛ መጠየቅ ካልቀረ፣ ቀባሪ ካልጠፋ፣ ምነው ከሚሞት ሰው እጅ ላይ ያለውን መንጠቅ ነውር መሆኑ ቀረ?

ምናለበት ከተወሰደ በኋላ አባቴ 11 ቀን ቆየ። እጁ ከአልጋው ጎን ዝቅ ይላል፣ አየሩን ይዳስሳል፣ ይመለሳል። በመጨረሻዎቹ ሌሊቶች ድምፁ ሲደክም «ምናለበት… ምናለበት…» ይል ነበር። ለጥየቃ የመጣችሁ አንዳችሁ፣ ስም አልጠራም፣ እንባዎን እየጠረጉ «እንዴት ያሉ ታላቅ ሰው ናቸው፣ ሞትንም ምናለበት ብለው ተቀበሉት» አሉ። ቡና እየቀዳሁልዎት ነበር። አላረምኩዎትም።

እንግዲህ ማስታወቂያችሁን ለማንሳት መላው አይጠፋችሁም። እሱ ከከበዳችሁ ግን ዓርብ ሳይደርስ ምድር ቤት ውረዱና የድመቷን ስም ጠይቁ። በኋላ እናታችን ሲጣሩ ማንን እንደሚጠሩ ቢያንስ ትለያላችሁ።

ከ3ኛ ፎቅ ነዋሪ