ሐዲድም ጠባቂ ይፈልጋል

የዛሬው ንባባችን ስለ ሐዲድ ነው። ሐዲድ ማለት ባቡር የሚሄድበት የብረት መንገድ ነው።

በእኛም አካባቢ ሐዲድ አለ። ከአዋሽ ተነሥቶ በሸዋ ሮቢት፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ እንዲደርስ የታቀደ ነው። ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሥራው የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በአገራችን በኩል ሲያልፍ የሥራው ንብረት ተዘረፈ፣ ተበላሸም። በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ላይ «ታዲያ ባቡሩ የታለ?» የሚል ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። ማሳው ለሐዲዱ የተወሰደበት ገበሬማ ቅር ቢለው አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ መጓተት አዲስ አይደለም። የመጀመሪያውን ሐዲድ የሠራው የግል ኩባንያ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፈቃዱን ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተጀመረ። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያ ሲደርስ ኩባንያው ገንዘብ አጠረው፤ ከሰረም። ሌላ ኩባንያ ተተክቶ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ 14 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ያ ሐዲድ ታዲያ ከ90 ዓመት በላይ እንዴት አገለገለ? በሠራተኞቹ እጅ ነው። ድሬዳዋ ላይ ትልቅ የባቡር መጠገኛ ቤት አለ። ሠራተኞቹ የተሰበረውን ይበይዱ ነበር። የጎደለውን ዕቃ በቶርኖ ይቀርጹ ነበር። ቶርኖ ብረት የሚላግበት መኪና ነው። ሙያውንም ታላቁ ለታናሹ እያሳየ አስተማረ። የአዲስ አበባው ጉዞ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ። ከድሬዳዋ ወደ ጂቡቲ ድንበር የሚወስደው ክፍል ግን ተጠግኖ፣ በ2005 ዓ.ም. መጨረሻ እንደገና መንገደኛ ጫነ። ጠባቂ ያጣው ክፍል ግን በብዙ ቦታ ብረቱ ተነቅሎ ተወስዷል።

አሁን ወደ ብሎኑ እንምጣ። አህያ ስትጭኑ አንዱ ገመድ ቢላላ ምን ይሆናል? ጭነቱ ይዘማል። ሐዲድም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ብረቶች ምንጊዜም እኩል መራራቅ አለባቸው። በአሮጌው ሐዲድ ርቀታቸው 1 ሜትር ነበር። በአዲሱ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። ይህን ርቀት የሚጠብቁት ከሥር የተጋደሙት አግዳሚዎችና ብረቱን ጨብጠው የያዙት ማሰሪያዎች ናቸው።

ብረት ደግሞ ፀሐይ ሲመታው ይረዝማል። 10 ሜትር ብረት ከማለዳ እስከ ቀትር 30 ዲግሪ ቢሞቅ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ትንሽ ይመስላል እንጂ ኃይሉ ብዙ ነው። ማሰሪያ የጎደለበት ሐዲድ በቆላ ፀሐይ እንደ እባብ ሊጣመም ይችላል። ባቡር ደግሞ እንደ በቅሎ አይታጠፍም፤ ሙሉ ጭነት ይዞ በአንዴ አይቆምም። አንድ ማሰሪያ ለቁራሌው የሚያወጣው ዋጋ ትንሽ ነው። ተነቅሎ ሳይታወቅ ባቡር ቢመጣበት ግን የሰው ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል።

ሌላው የሐዲድ ጠላት ውኃ ነው። ከአግዳሚው ሥር ያለው ጠጠር ለጌጥ የፈሰሰ አይደለም። ክብደቱን ይሸከማል፤ ዝናቡንም ያሳልፋል። ጠጠሩን ለቤት ሥራ የሚጭን ሰው መሠረት እየነቀለ ነው። ከሐዲዱ ሥር የውኃ ማሳለፊያ ቱቦዎች አሉ። የማሽላ አገዳና የተቆረጠ እሾህ የሚጣለው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው! ክረምት ሲገባ ጎርፉ መውጫ ያጣል። አፈሩን ሸርሽሮ ሐዲዱን አየር ላይ ያንጠለጥለዋል። የተዘጋው ውኃ የሚተኛው ደግሞ በጎረቤት ማሳ ላይ ነው።

ስለዚህ ከሰኔ በፊት በማሳችሁ አጠገብ ያለውን ቱቦ እዩት። አገዳና እሾህ ከሞላው ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ አውጡት። የተሸረሸረ ቦታ ካያችሁ ግን በአፈር አትድፈኑት፤ አፈሩ ጭቃ ሆኖ ይሰምጣል። ቦታውን ምልክት አድርጉና ለቀበሌ አስታውቁ። ማንበብና መጻፍ ችላችኋልና ቀኑንና የቦታውን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ።