ባሕር ሳንሻገር የደረስንበት ካዚኖ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአሜሪካ ኒው ጀርዚ፣ በውቅያኖስ ዳር፣ አትላንቲክ ሲቲ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1870 በባሕሩ ዳርቻ የእንጨት መናፈሻ መንገድ ተዘረጋላት፤ በ1978 ደግሞ ካዚኖ ተከፈተባት። ወደዚያ የሚሄድ ሰው አስቦና ስንቅ ቋጥሮ ይሄዳል። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ወጣት ግን ጉዞ አያስፈልገውም፤ ቁማሩ «የእግር ኳስ ውርርድ» ተብሎ በስልኩ መጥቶለታል።

አንድ የማደሪያ ባልንጀራዬ፣ አባቱ በርበሬ ሸጠው የላኩለትን የወር ቀለብ በአንድ ሌሊት ውርርድ ጨረሰው። እኔ ዲያቆኑ አጠገቡ ተቀምጬ ውጤቱን አብሬው እጠብቅ ነበር፤ አልገሠጽኩትም።

«በሕግ የተፈቀደ ነው» የሚሉ አሉ። ሐዋርያው ግን የተፈቀደውን ከሚያንጸው ለይቶ አስተምሮናል (፩ቆሮ. ፲፥፳፫)። ጭፍሮች በጌታችን ልብስ ዕጣ የተጣጣሉት ከመስቀሉ ሥር ነበር (ዮሐ. ፲፱፥፳፬)፤ ዓይናቸው ከዕጣው ላይ ስለነበር ከበላያቸው የሚፈጸመውን ድኅነት አላዩም።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። የሚወራረደውን ወንድማችንን ከሩቅ አንፍረድበት፤ እጁን ይዘን ከንስሐ አባቱ ዘንድ አብረነው እንሂድ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።